ባሚያ ያስጨረሰው ምርቃት

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ይታወቅልኝ፤ እኔ ባሚያ የሚሉትን ዝልግልግ አረንጓዴ አትክልት አልወድም ነበር። አልወድም ማለት እንኳ ያንሰዋል፤ ገና ሳየው ሳህኑን እገፋ ነበር። የጎጃም ልጅ ነኝ። ወጥ ሲባል እንጀራ ላይ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ነው የማውቀው፤ ከሳህን እስከ አፍ ድረስ ክር እየጎተተ የሚከተል ወጥ አላደግኩበትም። መተማ ተመድቤ ስመጣ ግን ከሆስፒታላችን በር ፊት ለፊት ያለችው ምግብ ቤት የእትዬ ዘነብ ሆነች። እትዬ ዘነብ ደግሞ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ብዙ ዘመን ኖረው፣ ሙያቸውን እዚያው ተምረው የተመለሱ ሴት ናቸው። "ባሚያ ያልበላ ሰው ቆላን አይችለውም" እያሉ በየቀኑ ያቀርቡልኛል። እኔም በየቀኑ "ነገ" እላቸዋለሁ።

ስለ ወጥ የማወራው ሥራ ፈትቼ አይደለም። አሁን በምነግራችሁ ታሪክ ውስጥ ባሚያ ሰው አድኗል።

ያን ጊዜ ጠቅላላ ሐኪም ነበርኩ። ሐኪም ልበል እንጂ እውነቱን ስናገር ግማሽ ዕውር ነበርኩ። ከሽንፋ፣ ከገለጉ፣ ከየሰሊጥ እርሻው በትራክተር ተጎታች ተጭኖ የሚመጣውን ሕመምተኛ በማዳመጫ አዳምጣለሁ፣ ሆዱን በጣቴ ነካ ነካ አደርጋለሁ፣ ከዚያ እገምታለሁ። ግምቱ ሲከብደኝ "ጎንደር ይሂድ" እላለሁ። አምቡላንሱ አቧራውን አስነስቶ ሲሄድ ቆሜ አየዋለሁ፤ ሰውየው ይዳን ይሙት ግን አብዛኛውን ጊዜ አልሰማም። መንገዱ ደግሞ በዚያ ሰሞን አንድ ቀን ቢከፈት ሁለት ቀን ይዘጋ ነበርና "ጎንደር ይሂድ" ማለት ራሱ ከንቱ ወሬ እየሆነ መጣ። ልቤ ሸፈተ። አዲስ አበባ አንድ መድኃኒት አስመጪ ዘንድ ሥራ አግኝቼ፣ የቀረኝ ሻንጣዬን መዝጋት ብቻ ነበር።

ሻንጣው ሳይዘጋ ወደ ጎንደር ለሥልጠና ላኩኝ። ያስተማረን ሄኖክ ነው። ሄኖክ አብሮኝ የተማረ፣ አሁን የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊስት የሆነ፣ ሲያስረዳ እጁ አርፎ የማይቀመጥ ልጅ ነው።

"አልትራሳውንድ ሲባል ያንን ጨለማ ክፍልና ትልቁን ማሽን እርሱት" አለን። "ይሄ እናንተ ራሳችሁ፣ ሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ቆማችሁ፣ ሰውየው ሳያመልጣችሁ የምታዩበት ነው። ግን ቴሌቪዥን አይደለም! ከፍታችሁ የመጣውን አታዩበትም። ጥያቄ ይዛችሁ ኑ። ሆዱ ውስጥ ደም አለ ወይስ የለም? ሳንባው ውሃ ቋጥሯል ወይስ አልቋጠረም? ልቡ ይጨምቃል ወይስ ደክሟል? አለ ወይም የለም፤ በቃ። ሌላውን ለባለሙያው ተዉት።"

የመጨረሻው ቀን መርፌ ነበር። ሄኖክ ውሃ የሞላ ፊኛ በበሬ ሥጋ ጠቅልሎ አመጣና "ይሄ ልብ ዙሪያ የተጠራቀመ ውሃ ነው እንበል። መርፌያችሁን ስክሪኑ ላይ እያያችሁ ግቡና ቅዱ" አለን። ያን ምስኪን ሥጋ ወንፊት እስኪሆን ወጋነው። እኔማ አንዴ ፊኛውንም ሥጋውንም አልፌ የሄኖክን ጠረጴዛ ወጋሁለት። "ጠረጴዛው ድኗል፤ ሕመምተኛው ግን ሞቷል" አለኝ።

ወደ መተማ የተመለስኩት አንዲት የጢም መላጫ የምታክል መሣሪያ ይዤ ነው። በስልኬ ላይ ትሰካለች፣ ስልኬ ስክሪን ይሆናታል፣ የሰው ሆድና ደረት ውስጥ ያለውን ታሳየኛለች። ምን ልበላችሁ፣ አበድኩ! አዲስ ብስክሌት የተገዛለት ልጅ ሆንኩ። ልምምድ ያስፈልገኛል በሚል ሰበብ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ "እስቲ አንዴ ተኛ" እለው ጀመር።

መጀመሪያ ያስተኛሁት ዘበኛችንን ጋሽ አያሌውን ነው። አልትራሳውንድ ላይ ፈሳሽ ነገር ጥቁር ሆኖ ነው የሚታየው፤ ደምም ይሁን ውሃ። ከእምብርታቸው በታች ጥቁር፣ ሰፊ ኩሬ አየሁ።

"ሲስተር! ነይ ቶሎ! ሆዳቸው ውስጥ ደም ፈሷል!" ብዬ ቤቱን ቀወጥኩት።

የድንገተኛ ክፍሏ ነርስ ሲስተር ጥሩወርቅ ግሉኮስ ይዛ ሮጣ መጣች። ጋሽ አያሌው ቀና ብለው አዩኝና "ዶክተር፣ መሞቴ ካልቀረ መጀመሪያ ሽንቴን ሸንቼ ልምጣ?" አሉ። ሸንተው ሲመለሱ ኩሬው የለም። ለካ የሽንት ፊኛቸውን ነው የማየው! ሲስተር ጥሩወርቅ ለብዙ ቀን ሽንት ቤት በሄደች ቁጥር "ዶክተርዬ፣ ደሜን አፍስሼ መጣሁ" ትለኝ ነበር።

ጋሽ አያሌው ግን አልተቀየሙኝም። እንዲያውም በማግስቱ መጥተው "ሚስቴ ዘወትር ልብ የለህም ትለኛለች፤ ማስረጃ ስጭኝ" አሉና ልባቸውን አሳየኋቸው። ወሬው ከተማውን አዳረሰ። ባጃጅ ነጂው፣ ፖሊሱ፣ አስተማሪው፣ ሁሉም "የኔንም ልብ" እያለ ይመጣል። አንድ ሰው ብቻ ሸሸኝ፤ አያ ሞላ።

አያ ሞላ ትራክተር ነጂ ናቸው። የሆስፒታላችን ውሃ ሲቋረጥ በትራክተራቸው ቦቴ ጎትተው ውሃ የሚያመጡልን እሳቸው ስለሆኑ ቤተሰብ ነበርን። ልጃቸው ፍቅርተም የኛኑ ፋርማሲስት ቢኒያምን ልታገባ ተቃርባ ነበር። ታዲያ በዚያ ሰሞን ሳያቸው ሰውየው ልክ አይደሉም። ከትራክተሩ ሲወርዱ ጎማውን ተደግፈው ይቆማሉ። እግራቸው አብጦ የጫማቸው ተረከዝ ተረግጧል። መሣሪያዬን ይዤ ጠጋ ስል ወደዚያኛው የመንገዱ ዳር ይሻገራሉ። አንድ ቀን በር ላይ ያዝኳቸው።

"አያ ሞላ፣ ትንፋሽዎ ያጥራል። አንዴ ልይዎት።"

"ልጀን ልዳር" አሉኝ፣ በየመሀሉ እያረፉ። "ልጀን ልዳርና እንኳን በዚች በመላጫሽ፣ በዶማም ብትፈትሽኝ እሽ።"

"ሰርጉ ጥቂት ቢቆይስ?"

"ዘመድ ከደጋ ወርዶ፣ ጠላው ተጠንስሶ፣ ሰንጋው ታስሮ? ምን ትያለሽ አንች? ሰርግ ይለፍ!"

እኛ አገር "ሰርግ ይለፍ" ከተባለ አለቀ። ሕመም ይደበቃል፣ ሐዘን ይታመቃል፣ የተጣላም ይታረቃል። ድግስ የተደገሰበት ቤት አባወራው ታመመ ከተባለ በሙሽራዋ ላይ ክፉ ምልክት ነው ብለው ስለሚያምኑ ሰውየው ለሚስታቸውም ትንፍሽ አላሉም። እኔም ተሟገትኩ፣ ለመንኩ፣ ተሸነፍኩ።

የሰርጉ ዕለት ሆስፒታሉ ግማሹ ሚዜ፣ ግማሹ አጃቢ ነበር። ሰው መቅረት ስላለበት ዕጣ ተጣለና በእኔና በሲስተር ጥሩወርቅ ላይ ወጣ። ሲስተር ለሰርጉ ያሰፋችውን የሐበሻ ቀሚስ ከነጭ ጋዋኗ ሥር ለብሳ መጣች። ቢኒያምም አዘነልንና "ሙሽራዬን ይዤ ስመለስ በናንተ በኩል አልፋለሁ፤ ወጥታችሁ ትቀበሉናላችሁ" አለን። ጠዋት ሚዜዎቹ ሊታዩን ጎራ ብለው ነበር። የላቦራቶሪ ባለሙያችን አንደኛ ሚዜ ነው። ጸጉሩ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል።

"እንዴት ነኝ ዶክተር?"

"ጸጉርህ ጉድ ነው! ምን ተቀባህ?" አልኩት።

ጥቅሻ ብቻ ሰጥቶኝ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ነው። ሙቀቱ ቆርቆሮውን እያንቋቋው ነበር። እትዬ ዘነብ ምሳ ይዘውልን መጡ፤ ባሚያ። "ዛሬ ሰርግ ነው፤ ዛሬ እንኳ ቅመሽ" አሉኝ። ማንኪያውን አነሳሁት። ክሩ ተከተለኝ። ማንኪያውን መለስኩት። በዚሁ መሀል ከሩቅ ጥሩምባ ተሰማ። የባጃጅ ጥሩምባ፣ የትራክተር ጥሩምባ፣ ጩኸት!

"መጡልን!" አለች ሲስተር፤ ጋዋኗን አውልቃ ወረወረችው።

በሩ ላይ ተሰለፍን። እትዬ ዘነብ እልልታውን አቀለጡት። ጋሽ አያሌው በሩን ወለል አድርገው ከፍተው በዱላቸው እስክስታ ያዙ። እኔ አጨበጭባለሁ። የትራክተሩ ተጎታች ግቢ ገብቶ ቆመ። ነጭ የለበሰች ሙሽራ ታየችኝ፤ እልል አልኩ! ሙሽራዋ ግን ታለቅሳለች። ሙሽራው ከረባቱን ፈትቷል። በመካከላቸው ነጭ በነጭ የለበሱ አንድ ሰው በጀርባቸው ተዘርግተዋል። አያ ሞላ ናቸው።

እልልታው አንድ በአንድ ጠፋ። የመጨረሻዋን እልል ያልኩት እኔ ነበርኩ መሰለኝ፤ አሁንም ሳስበው ፊቴ ይግላል።

"ምን ሆኑ?"

"እየመረቀን ነበር!" አለች ፍቅርተ። "ጉልበቱን ስመን፣ እጁን ራሳችን ላይ ጭኖ... ‘ወልዳችሁ ለመሳም’ አለና... እዚያው ላይ ወደቀ!"

ከኋላዋ ያሉት ሴቶች "ምርቃቱ ተቆረጠ፤ ተቆረጠ" እያሉ ፊታቸውን ይነጫሉ። የአባት ምርቃት ግማሹ ቀርቶ ሙሽራ ከቤት አይወጣም። ለልጅቱ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ነው የወደቀባት፤ አባቷና ትዳሯ።

አልጋ ላይ አወጣናቸው። ላባቸው ቀዝቃዛ ነው። የአንገታቸው ደም ሥር እንደ ገመድ ተወጥሯል። ሲስተር የደም ግፊታቸውን ለክታ አየችኝና ራሷን ነቀነቀች፤ ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። ማዳመጫዬን ደረታቸው ላይ አደረግኩ። ልባቸው ከግድግዳ ጀርባ እንደሚያንኳኳ ሰው በጣም ከሩቅ ነው የሚሰማው።

የድሮዋ እኔ ብሆን "ልብ ድካም ነው፤ ጎንደር ይሂዱ" እል ነበር። መንገዱ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ ተዘግቷል። አሁን ግን ጥያቄ መጣልኝ፤ አንድ ጥያቄ ብቻ። ልባቸው ዙሪያ ውሃ አለ ወይስ የለም? ልብ በስስ ከረጢት ተሸፍኖ ነው የሚኖረው። ያ ከረጢት ውሃ ከሞላ ልብን ያንቀዋል። ደክሞ ሳይሆን ቦታ አጥቶ ይቆማል።

መሣሪያዬን ስልኬ ላይ ሰካሁ። "ጄል!" አልኩ። ይህች መሣሪያ በቆዳውና በእሷ መካከል የሚያረጥብና የሚያሙለጨልጭ ነገር ከሌለ ዕውር ናት፤ ለዚህ የሚሆን ወፍራም ጄል አለ።

ሲስተር ጠርሙሱን አምጥታ ጨመቀችው። አየር ብቻ ፍስስ አለ። ሌላው ጠርሙስም ባዶ ነው።

"ትናንት ሙሉ ነበር እኮ!" አለች።

በሩ ላይ የቆመው አንደኛ ሚዜ ቀስ ብሎ እጁን ወደ ጸጉሩ አነሳ። ያ እንደ መስታወት ያበራ የነበረ ጸጉር በቆላው ፀሐይ ደርቆ ነጭ ቅርፊት ሆኖ ትከሻው ላይ ይረግፋል። ሌሎቹን ሚዜዎች አየሁ። ሁሉም ነጭ ቅርፊት!

"የጸጉር መስሎን ነው" አለ፣ ድምፁ እየጠፋ።

እንኳን ልቆጣ፣ ለመገረምም ጊዜ አልነበረኝም። ውሃ ሞከርኩ። ምስሉ ብልጭ ይልና ውሃው በጎናቸው ወርዶ ያልቃል፣ ስክሪኑ ይጨልማል። እንደገና አፈሰስኩ፤ ያው ነው። ፍቅርተ እግራቸውን ይዛ "አባዬ፣ አባዬ" ትላለች። ዓይኔ የሚያርፍበት አጥቶ ሲንከራተት ጠረጴዛው ላይ አረፈ። ያልተበላው ባሚያዬ። ከማንኪያው ጫፍ እስከ ሳህኑ ድረስ አንድ ቀጭን፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሙልጭልጭ ክር ተንጠልጥሏል።

"እትዬ ዘነብ!" ብዬ ጮህኩ። "ባሚያ!"

"አሁን ራበሽ?" አሉ።

"ያለ በርበሬ! ያለ ዘይት! ያለ ጨው! በውሃ ብቻ የተመታ ባሚያ አለዎት?"

"የተዘፈዘፈማ አለ፣ ለማታ ያልኩት... እሱ ሊበላ ነው?"

"ልቀባቸው ነው! ይሩጡ!"

እትዬ ዘነብ ወፈር ያሉ ሴት ናቸው፤ ሲሮጡ አይቻቸው አላውቅም ነበር። ነጠላቸውን ጥለው ሮጡ። አንድ ጎድጓዳ ሳህን ይዘው ሲመለሱ ሲስተር በንጹሕ ፋሻ አጠለለችውና እፍኝ ሙሉ ደረታቸው ላይ አፈሰስኩት። ተዝለገለገ። አልወረደም። መሣሪያዬን ከጎድን አጥንታቸው ሥር ጫን አደረግኩ።

ስክሪኑ እንደ ቴሌቪዥን በራ። ሄኖክ ይቅር ይበለኝ።

ጥቁር! በልባቸው ዙሪያ ሰፊ ጥቁር ቀለበት! በውስጡም ልባቸው እንደ ዋናተኛ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። ጠያቂዋም እኔ፣ መልሱን ያየሁትም እኔ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አልገመትኩም፤ አየሁ።

ስልኬ ስክሪን ስለሆነ በሲስተር ስልክ ለሄኖክ ተደወለ። ድምፁን ከፍ አድርጋ ጆሮዬ ሥር ያዘችልኝ።

"ሄኖክ! ልባቸው ይጨፍራል!"

"ምን? የት ነሽ? ሰርግ ቤት ነሽ?"

"ሰርጉ እዚህ ነው! ልባቸው ውሃ ውስጥ ይጨፍራል! ጥቁር ነው ዙሪያው፣ ግፊት የላቸውም!"

እጁ መወራጨቱን መተዉን ከድምፁ አወቅኩ። "ሰብለ፣ መንገዱ ዝግ ነው። አንቺ ነሽ የምትቀጂው።"

"በሰው ላይ ሠርቼ አላውቅም።"

"በጠረጴዛ ላይ ሠርተሻል" አለኝ። "ከጠረጴዛው መለስ በይ።"

ሳልወድ ሳቅሁ፤ እየሳቅሁ ጓንት አጠለቅኩ። ባሚያ የተቀባ ደረታቸውን ሙልጭ አድርገን አጥበን በአዮዲን አጸዳነው። መሣሪያዋን በንጹሕ ጓንት ውስጥ ከተትናት፤ በጓንቱ ውስጥ ባሚያ፣ በውጭ አዮዲን። ሲስተር መሣሪያዋን እኔ ባሳየኋት ቦታ ያዘች። እኔ ረጅሙን መርፌ ያዝኩ። ቢኒያም የሙሽራ ልብሱን እጅጌ ሰብስቦ ስሪንጅ ያቀብላል።

ማደንዘዣ ሰጠኋቸው። መርፌውን አስገባሁ። ስክሪኑ ላይ ምንም የለም። "የት ነው ያለው?" ትላለች ሲስተር። እኔም አላውቅም። ትንሽ መለስ አልኩና አቅጣጫውን አስተካከልኩ። ያን ጊዜ አንዲት ነጭ ነጥብ ብቅ አለች፤ የመርፌዬ ጫፍ። ወደ ጥቁሩ ውሃ ቀስ ብላ ተጓዘች። ቀጥላ የምታገኘው ልባቸውን ነው። በቀስታ ገፋሁ። አንድ ትንሽ ነገር ጠቅ ሲል በእጄ ተሰማኝ፣ ስሪንጁን ሳብ አደረግኩ።

ጠጅ የመሰለ ውሃ ተንፎልፍሎ ገባ!

"ወጣ!" አለች ሲስተር። "ወጣ!" አለ ቢኒያም። "ወጣ!" አሉ በሩ ላይ ያሉት። "ምኑ ነው የወጣው?" አሉ በግቢው ያሉት፤ ነፍሳቸው የወጣች መስሏቸው ለቅሶ ጀመሩ።

ቀዳሁ፣ ቢኒያም ስሪንጅ ቀየረልኝ፣ ደግሜ ቀዳሁ። ስክሪኑ ላይ ጥቁሩ ቀለበት እየጠበበ፣ ልባቸው እየተንሰራፋ ሲመታ ይታየኛል። በአንገታቸው ላይ የተወጠረው ደም ሥር ሟሸሸ። ሲስተር ግፊታቸውን ለክታ ቁጥሩን ለመናገር አፏን ከፈተች። ከእሷ በፊት ግን ሌላ ድምፅ መጣ፤ ከአልጋው።

"...ያብቃችሁ።"

ሁላችንም ቀጥ አልን። አያ ሞላ ዓይናቸውን ገልጠዋል።

"ምን አሉ? ምን ያብቃን?" አልኩ፤ ሕመምተኛው ቃዥተው መሰለኝ።

ፍቅርተ ግን ገብቷታል። አልጋው ሥር ተንበርክካለች። ያ ቃል ዳስ ውስጥ የተቆረጠው ቃል ነው! ሰውየው ሞት ደጃፍ ደርሰው ሲመለሱ ካቆሙበት ቀጠሉ፤ ወልዳችሁ ለመሳም ያብቃችሁ!

"አሜን!" ብላ ጮኸች።

"አሜን!" አለ ክፍሉ። "አሜን!" አለ ኮሪደሩ። ግቢው ውስጥ የነበረው ለቅሶ እዚያው ላይ ወደ እልልታ ሲዞር፣ እመኑኝ፣ ሲዞር ይሰማ ነበር። እትዬ ዘነብ ባዶውን ሳህን እንደ ከበሮ እየመቱ "ተማም! ተማም!" ይላሉ፤ በገዳሪፍ ዐረብኛቸው "ልክ ነው፣ ደኅና ነው" ማለታቸው ነው። እኔ በአንድ እጄ መርፌ እንደያዝኩ በሌላው ትከሻዬ እስክስታ ልወርድ ምንም አልቀረኝም ነበር። ደስታ እንደዚያ ሰውነት ሲወር አይቼ አላውቅም። አለቀስኩ፣ ሳቅሁ፣ "ማንም አይንካኝ፣ መርፌ ይዣለሁ!" እያልኩ ደግሞ ሳቅሁ።

በመርፌው ፋንታ ቀጭን ቱቦ አስቀርተን አሰርነው። አያ ሞላ ደረታቸውን አሽትተው "ይኸ ምንድን ነው የሚሸተኝ?" አሉ።

"ባሚያ ነው" አልኳቸው።

"ሰሊጥ ላይ አርጅቸ ባሚያ ሁኘ ላርፍ!" አሉና ዞር ብለው ሙሽሮቹን አዩ። "እናንተስ ምን ትጠብቃላችሁ? ምርቃቱ አልቋል። በዚህ ሙቀት ሥጋው ይበላሻል፤ ሂዱ ጨፍሩ እንጅ!"

ፍቅርተ አልሄድም አለች። ሰርጉ ወደ እሷ መጣ። ጠላውና ሥጋው በተጎታች ተጭኖ ሆስፒታሉ በር ላይ፣ ከእትዬ ዘነብ ምግብ ቤት ዳስ ሥር ተዘረጋ። ሚዜዎቹ ነጭ ቅርፊታቸውን እያራገፉ ጨፈሩ። አንደኛው ሚዜ ሊያየኝ አፍሮ አንገቱን ደፍቶ ሲያልፍ ጠራሁትና "ጄሉ ልብ ለማየት አልደረሰልኝም፤ ጸጉርህ ላይ ግን ያምር ነበር" አልኩት። እኔም ያን ቀን ባሚያ በላሁ። ክሩን ሳልቆጥብ፣ ሳህኑን እስክጠርግ። ጣፋጭ ነው እኮ!

መንገዱ ሲከፈት አያ ሞላ ቱቦአቸውን ይዘው ጎንደር ሄዱ፤ ሄኖክ ተቀበላቸው። ውሃው ከሳንባ ነቀርሳ የመጣ ነበር፤ ለብዙ ወራት ኪኒን ውጠው ዳኑ። ከእኔ እጅ ወደ ጎንደር ከሄዱት ሁሉ መጨረሻቸውን ቀን በቀን እየደወልኩ የሰማሁት የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ምን ተለወጠ ብትሉኝ፣ ሻንጣው ተፈታ። አዲስ አበባ ደውዬ "አልመጣም" አልኩ። ለምን ሲሉኝ "ማየት ጀመርኩ" አልኳቸው፤ መነጽር የገዛሁ መስሏቸው ይሆናል። አሁን ከሽንፋና ከገለጉ የሚመጡ ጤና ባለሙያዎችን እኔው አሠለጥናለሁ። የሄኖክን ቃል ሳልለውጥ "ቴሌቪዥን አይደለም፤ ጥያቄ ይዛችሁ ኑ" እላቸዋለሁ። የጄሉ ጠርሙስ ላይ በትልቁ "ለጸጉር አይሆንም" የሚል ተለጥፏል። አያ ሞላም ትራክተራቸው ላይ ተመልሰው ውሃ ሲያመጡልን በቦቴው ላይ አንድ ከረጢት ደረቅ ባሚያ አስረው ነው። "መለዋወጫ" ይሉታል።

እናንተም እኛ አገር ሰርግ ካለባችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሰርጉ ይለፍ ብላችሁ የሚደበቅ ሰው አጠገባችሁ አይጠፋምና እግሩን እዩልኝ፣ ትንፋሹን ስሙልኝ። ሰርግ ሊቆይ ይችላል። የመራቂው ልብ ነው የማይቆየው።

በቅርቡ ፍቅርተ ሆዷን ይዛ መጣች። ቢኒያም በአንድ በኩል፣ አያ ሞላ በሌላ በኩል። አስተኝቻት መሣሪያዋን አስቀመጥኩ። ስክሪኑ በራ። ሰፊ ጥቁር ኩሬ፤ በመካከሉ አንዲት ባቄላ የምታክል ነገር።

አያ ሞላ ከወንበራቸው ተፈናጥረው ተነሡ። "ጥቁር ውሃ! ይኸው ደግሞ መጣ! መርፌሽን አምጭ እንጅ ምን ያስቅሻል አንች?"

"አያ ሞላ፣ ይሄኛው ውሃ አይቀዳም" አልኳቸው። "የልጅ ልጅዎ የሚዋኝበት ነው። ያቺን ብልጭ ብልጭ የምትለውን ያዩዋታል? ልቡ ናት።"

ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ። ቆባቸውን አወለቁ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው እጃቸውን ራሷ ላይ አኖሩ፣ ጉሮሯቸውንም ጠረጉ።

"ወልዳችሁ ለመሳም..." አሉና ዝም አሉ።

ዝም።

ቢኒያም ሊይዛቸው ተንደረደረ። ሲስተር ጥሩወርቅ ኦክስጅን ልታመጣ ሮጠች። እኔ ለክፉ ቀን ከአልጋው አጠገብ ያስቀመጥኩትን የባሚያውን ከረጢት ያዝኩ። አያ ሞላ አንድ በአንድ አዩንና ትከሻቸው በሳቅ እየተንቀጠቀጠ ጨረሱት።

"...ያብቃችሁ! ምነው፣ ደነገጣችሁ እንዴ?"